ድንጋዩን ከማጠባችሁ በፊት፦ የጥንት ሰው ምን እንደበላ ለማወቅ የትኛው የቅሪት ምርመራ ይሻላል?

እናቴ ጓዳ ውስጥ አንድ የድንጋይ ወፍጮ አለ፤ ከነመጁ። ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ወፍጮ በየሰፈሩ ከገባ ስንት ዘመኑ ነው፣ እሷ ግን አልጣለችውም። በርበሬ ትደልዝበታለች። ጨው ትፈጭበታለች። ለበሶ የተቆላ ገብስም ትፈጭበታለች። ሙቀጫው የተሰነጠቀ ሰሞን ቡናም አይቷል። ባለፈው ክረምት መጁን አንስቼ በማጉያ መነጽር ስመለከተው ደረሰችብኝ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ምን ምን እንደፈጨሽበት እያየሁ ነው።»

ሳቀች። «እኔን አትጠይቀኝም?»

እሷ ስላለች እሷን መጠየቅ ይቻላል። ከአምስት ሺህ ወይም ከሃምሳ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የድንጋይ ባለቤት ግን የለም። የቀረው ድንጋዩና ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ነገር ብቻ ነው። ያንን የተጣበቀ ነገር መመርመር ነው የቅሪት ምርመራ የሚባለው።

እኔ የምውለው ማይክሮስኮፕ አጠገብ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ቡና እየጋበዙ ይጠይቁኛል፦ «የጥንት አመጋገብን ከድንጋይ መሣሪያ ላይ ለማጥናት የትኛው ዘዴ ይሻላል?» ቡናውን እጠጣለሁ። ከዚያ ጥያቄውን በጥያቄ እመልስላቸዋለሁ፦ የምትፈልጉት ምግብ ምንድን ነው? ሥር ነው፣ እህል ነው ወይስ ሥጋ? ሦስቱን በእኩል የሚያሳይ አንድ ዘዴ የለም። ድንጋዩ ታጥቧል ወይስ ከነአፈሩ ነው? እጃችሁ ላይ ያለው የምርመራ መሣሪያስ? ምርጫው የሚወሰነው በእነዚህ ነው።

ድንጋይ የነካውን እንጂ የተበላውን አይነግርም

የድንጋይ ስለት ላይ የሥር ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ምግቡን የሚያጠራቅምበት ደቃቅ ቅንጣት፣ ተገኘ እንበል። ያ ሥር ተቆርጧል ወይም ተፍቋል። ተበልቷል? ሊሆን ይችላል። ለመድኃኒት፣ ለሙጫ ወይም ለመርዝ ተፈልጎም ሊሆን ይችላል። የእንሰት ቃጫ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለጅማ ሰው አልነግርም። በእንሰት የተለወሰ ስለት ሁሉ የቆጮ ምስክር አይደለም።

አፍ ውስጥ የገባውን በቀጥታ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ጠንካራ ዝቃጭ ይበልጣል። ኢራቅ ውስጥ ሻኒዳር ዋሻ ከተገኙ የኒያንደርታል (የጠፉ የሰው ዘመዶች) ጥርሶች ላይ የገብስ ዘመድ የሆኑ ሣሮች ስታርች ወጥቷል፤ አንዳንዱም የበሰለ መሆኑ ይታያል። ግን ለዚህ ጥርስ ያስፈልጋል። የእኛ አካባቢ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ ዝናቡም የዋዛ አይደለም። አጥንትን ቶሎ ይበላዋል። ድንጋዩ ግን ይቀራል። ስለዚህ ጅማ ዙሪያ የሚሠራ ሰው ወደደም ጠላም ወደ ድንጋይ ይመለሳል።

የአጠቃቀም ምልክት፦ ርካሹ መነሻ

ይህ በጥብቅ ቋንቋ የቅሪት ምርመራ አይደለም። የሚታየው ድንጋዩ ላይ የቀረው ነገር ሳይሆን ሥራው ስለቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፦ ፍንካች፣ ጭረት፣ የመወልወል ልስላሴ። ሌኒንግራድ ይሠራ የነበረው አርኪዮሎጂስት ሰርጌ ሴሜኖቭ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራውን ካሳተመ ወዲህ ነው መስኩ የቆመው። አካሄዱ ቀላል ነው። አዲስ መሣሪያ ትሠራላችሁ፣ እንጨት ወይም ሥጋ ወይም ቆዳ ትሠሩበታላችሁ፣ ምልክቱን ከጥንቱ ጋር ታስተያያላችሁ። ፍንካቹን ከመቶ እጥፍ በታች በሆነ ማጉላት ታዩታላችሁ። ልስላሴው ከመቶ እስከ አምስት መቶ እጥፍ ይፈልጋል።

ትልቁ ጥቅሙ ድንጋዩ ቢታጠብም ምልክቱ አለመጥፋቱ ነው። መሣሪያውንም አያጎድልም። ዕድሜ ላይም ደፋር ነው፦ ኬንያ ውስጥ ኒያያንጋ በተባለ ቦታ ከ2.6 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚገመቱ መሣሪያዎች ዕፅዋትም እንስሳም እንደተሠራባቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የተነገረው በዋናነት በዚህ ዘዴ ነው። በዚያ ዕድሜ ስታርች ለማግኘት መሞከር ልብ ማድከም ነው።

ድክመቱ ስም አለመጥራቱ ነው። «ለስላሳ ተክል» ይላል። ጎደሬ ይሁን ቦዬ አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ሌላው ዓለም የማያገኘው ዕድል አለው። በኮንሶና በጋሞ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም በዘመናችን ተመዝግቧል። በኮንሶ ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው፣ በጋሞ ወንዶች። ቬርል ሮትስና ቦኒ ዊልያምሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት የኮንሶን የቆዳ መፋቂያዎች ወስዶ የአጠቃቀም ምልክቱንም ቅሪቱንም ጎን ለጎን መርምሯል። ባለቤቷ ስላለች መልሱ ትክክል መሆኑን መፈተሽ ይቻላል። የእናቴ ጥያቄ ማለት ነው፤ «እኔን አትጠይቀኝም?»

ስታርች፦ ለእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ምርጫዬ

አዳላለሁ፤ አልደብቅም። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሥራሥር አገር ነው። እንሰቱ፣ ቦዬው፣ ጎደሬው ከመሬት በታች የሚያከማቹት ስታርች ነው። የስታርች ቅንጣት ከአንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ እስከ መቶ ማይክሮን ይደርሳል፤ ቅርጹ እንደ ተክሉ ይለያያል። ማይክሮስኮፑ ላይ ሁለት የፖላራይዝድ ብርሃን ማጣሪያ አቋርጣችሁ ስታደርጉ ሜዳው ይጨልማል፤ ቅንጣቱ ያበራል፣ መሐሉም ላይ ጥቁር መስቀል ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ለዚህ የሚሆነው የድንጋይ አጥኚዎች ማይክሮስኮፕ ነው፤ የጂኦሎጂ ትምህርት ያለበት ቦታ አይጠፋም።

«በሙቀትና በእርጥበት መሐል ስታርች ይቆያል እንዴ?» ይሉኛል። ይቆያል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። ፓናማ ከጅማ የባሰ ሙቀትና እርጥበት አላት። እዚያ ከተገኙ የመፍጫ ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ከ5,000 እስከ 7,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የካሳቫ፣ የቦዬ ዘመድና የበቆሎ ስታርች ወጥቷል። ድንጋዩ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከባክቴሪያና ከኢንዛይም ይከልሉታል። እስራኤል ውስጥ ኦሃሎ 2 የተባለው ቦታ ላይ ደግሞ 23,000 ዓመት ገደማ በሆነው መፍጫ ድንጋይ ላይ የገብስ ስታርች ተገኝቷል።

እኔን ግን ከሁሉ የሚማርከኝ የሰለሞን ደሴቶቹ ነው። ኪሉ ዋሻ ውስጥ 28,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ላይ ተመራማሪው ቶም ሎይና ባልደረቦቹ የጎደሬ ስታርች ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። የኛው ጎደሬ! የጎደሬ ቅንጣት ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት ማይክሮን ቢሆን ነው። በስታርቹ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ያገዛቸው ሌላ ምልክት ነበር፤ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች። ጥሬ ጎደሬ የላጠ ሰው እጁን ሲያሳክከው ተጠያቂዎቹ እነዚህ መርፌዎች ናቸው። ጅማ ውስጥ ያለች እናት ሁሉ በቆዳዋ ታውቃቸዋለች። ጎደሬ የምትፈልጉ ከሆነ መርፌዎቹንም ፈልጉ። የቦዬ ቅንጣት ትልልቅ ነው፤ ለጀማሪ ይቀልለዋል። የጤፍ ደግሞ ደቃቅና ማዕዘናም ነው፤ ዓይን ያደክማል።

ማወዳደሪያ ስብስብ የግድ ነው። እዚህ ግን ከባድ አይደለም። አንድ የገበያ ቀን ሔርማታ መርካቶ ዞር ብላችሁ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ማሽላና ገብስ ትገዛላችሁ። ቡላ እንዳትረሱ፤ ቡላ ማለት እኮ አብዛኛው የእንሰት ስታርች ነው። ጥሬውን እየፋቃችሁ በመስታወት ስላይድ ላይ ማየት ነው። የተረፈውን ቀቅሉት።

መቀቀል ካነሳን፦ ስታርች ከውሃ ጋር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ያብጣል፣ መስቀሉም ይጠፋል። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ያማረ ስታርች ካገኛችሁ፣ የምታዩት ሳይበስል የተሠራውን ነው።

አሁን ወደ ነውራችን። ከስታርች የቀለለ ብክለት የለም። አንድ ጊዜ ምንም ያልነካ ንጹሕ ስላይድ ለቁጥጥር አየሁ። በሚያማምሩ ቅንጣቶች ሞልቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃውን ጠረጠርኩ፣ አቧራውን ጠረጠርኩ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ለካስ ጓንቱ ነው! እጅ እንዲያስገባ የሚነሰነስበት ዱቄት የበቆሎ ስታርች ነበር። የባሰው ደግሞ በማግስቱ ዳቦ በልቼ በዚያው እጄ ገባሁ። ይህ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የጥንት ስታርች የሚመረመርባቸውን ክፍሎች ራሳቸውን ፈትሾ ጓንትን ጨምሮ ከመገልገያዎች ላይ የበቆሎ፣ የስንዴና የድንች ስታርች አግኝቷል።

በቆሎ ወደ አፍሪካ የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ያውም ከኮሎምበስ በኋላ። ስለዚህ የጥንት መሣሪያ ላይ በቆሎ ካያችሁ እጃችሁን ጠርጥሩ። ጣጣው የማሽላና የበቆሎ ስታርች መመሳሰሉ ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ ንጋሉዌ ዋሻ 105,000 ዓመት ገደማ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ የማሽላ ስታርች መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲነገር ክርክር የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። «ማሽላ አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት ባዶ ስላይዳችሁን፣ ውሃችሁንና ጓንታችሁን ፈትሹ።

ፋይቶሊት፦ ለሣር ጎበዝ፣ ለሥር ዝምተኛ

ተክል ከአፈር ሲሊካ የሚባለውን የአሸዋ ማዕድን ይመጥጥና በሴሎቹ ውስጥ ጥቃቅን ድንጋይ ያበጃል። ተክሉ ቢበሰብስም እነዚህ ፋይቶሊቶች ይቀራሉ። እሳት አይጨርሳቸውም፣ አሲዳማ አፈርም ይችላቸዋል፤ የሚያሟሟቸው የበዛ አልካላይን ነው። በዚህ በኩል ለጅማ አፈር ይስማማሉ። ጤፍ፣ ማሽላና ገብስን የያዘው የሣር ወገን በገፍ ያመርታቸዋል። የሙዝና የእንሰት ቅጠልም የራሱ መለያ ቅርጽ አለው።

ከመሬት በታች ያሉ ሥሮች ግን ብዙዎቹ ፋይቶሊት ስስታሞች ናቸው። ፋይቶሊት ፈልጎ አጥቶ «ቦዬ አልነበረም» የሚል ጽሑፍ አይቼ አዝኛለሁ። ቦዬ ድሮም ብዙ አይተውም ነበር። ሌላው ችግር አፈሩ ራሱ በፋይቶሊት የተሞላ መሆኑ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ የተወሰደ አፈር ካላነጻጸራችሁ የምትቆጥሩት የሜዳውን ሣር ነው።

ሁለቱንም መሥራት ከፈለጋችሁ ስታርቹን አስቀድሙ። ለፋይቶሊት ማጽጃ የሚገባው ጠንካራ አሲድ ስታርቹን ያጠፋዋል። በከባድ ፈሳሽ ስትለዩም ቀለል ያለው ስታርች 1.8 ገደማ እፍግታ ባለው ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለፋይቶሊቱ ወደ 2.3 ከፍ ታደርጉታላችሁ። ከአንድ ናሙና ሁለቱንም በተራ ማውጣት ይቻላል።

ደምና ፕሮቲን፦ አጓጊ፣ ግን ተጠንቀቁ

ሁሉም ተማሪ የሚፈልገው ይህን ነው። «ስለቱ ላይ የአጋዘን ደም ተገኘ» ሲባል ደስ ይላል። ያው ቶም ሎይ እ.ኤ.አ. በ1983 ጥንታዊ መሣሪያዎች ላይ ደም መገኘቱን ጽፎ መስኩን አነቃነቀው፤ ጥርጣሬውም አብሮ መጣ። ለሽንት ምርመራ የሚያገለግለው ባለቀለም ስትሪፕ ለመጀመሪያ ፍተሻ ገብቶ ነበር። ችግሩ ስትሪፑ ደም ባይኖርም ቀለም መለወጡ ነው። የተክል ጭማቂም ማንጋኒዝም ያታልሉታል። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ማንጋኒዝ አያጣም። ስትሪፑን ጤና ጣቢያ ተዉት።

በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ምርመራ ከዚያ ይሻላል። ዮርዳኖስ ውስጥ አዝራቅ አካባቢ 250,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው መሣሪያዎች ላይ የአውራሪስ፣ የፈረስ፣ የዳክዬና የሌሎችም ፕሮቲን መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቧል። ያ ግን በረሃማ አገር ነው። ዛሬ የሚታመነው ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ማንበብ ነው። ዋጋው ከባድ ነው፣ ናሙናውም ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ይላካል። ድንጋዩን በባዶ እጃችሁ ከነካችሁት ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው የገዛ ቆዳችሁ ፕሮቲን፣ ኬራቲን፣ ነው። ሥጋን ለሚመለከት ጥያቄ እኔ ብሆን አጥንት ከተረፈ አጥንቱ ላይ ያለውን የመቁረጫ ጭረት፣ ካልተረፈ የአጠቃቀም ምልክቱን አስቀድማለሁ።

ስብና ዲኤንኤ

አጭር ነው። ስብ የሚወደው ሸክላ ነው። ድስት ይመጠዋል፣ ለሺህ ዓመታትም ይይዘዋል። የባልጩት ስለት ለስላሳ ስለሆነ የሚይዘው ትንሽ ነው። ባለቀዳዳ መፍጫ ድንጋይ ይሻላል። ቁፋሯችሁ ላይ ገል ካለ ግን ስብን ለይቶ የሚያሳየውን የጋዝ ክሮማቶግራፊ ምርመራ ገንዘብ ለገሉ አውጡት።

ዲኤንኤን በተመለከተ ተማሪዎች ሞታ ዋሻን ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፣ ከጋሞ ደጋ 4,500 ዓመት የሆነው ሰው ሙሉ ጂኖም (ጠቅላላ የዘር መረጃ) ተነቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ያ የወጣው ግን ከራስ ቅል አጥንት ነው፣ በቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ። ዝናብ ከጠገበ ማሳ የወጣ ድንጋይ ሌላ ታሪክ ነው። በዚህ ገንዘብ አትጨርሱ።

እንግዲህ የትኛውን?

አራት ወርና አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ያለው ተማሪ ከሆናችሁ፣ ጥቂት ስለቶች ምረጡ። በዝቅተኛ ማጉላት የአጠቃቀም ምልክት እዩ፣ ከዚያ ስታርች አውጡ። የምወስደው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከተሠራበት ስለት፣ ካልተሠራበት ጀርባና ከአፈሩ። ስታርቹ ስለቱ ላይ በዝቶ ጀርባውና አፈሩ ላይ ከሌለ ወሬ አላችሁ። ሦስቱም ላይ እኩል ከሆነ ወሬ የላችሁም።

ድንጋዩ ድሮ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ የአጠቃቀም ምልክትን ዋና አድርጉት። ስንጥቅ ካለው ስታርች ሞክሩ፤ አንዳንዴ ከውሃና ከብሩሽ ያመልጣል። ያኔ ግን የመጋዘኑ አቧራም ይቆጠራል።

መፍጫ ድንጋይ ወይም መጅ ከሆነ ስታርችና ፋይቶሊት አንድ ላይ። ናሙናውን በሦስት ዙር ውሰዱ፦ በደረቅ ብሩሽ፣ በእርጥብ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በድምፅ ሞገድ ማጠቢያ። የመጀመሪያው ዙር የአፈሩን ይሰጣችኋል። ለሥራው የሚቀርበው ከቀዳዳው ጥልቀት የሚወጣው ሦስተኛው ነው።

አዲስ ቁፋሮ ላይ ከሆናችሁና ገንዘብ ካለ፣ የተወሰኑ መሣሪያዎችን ከነአፈራቸው በንጹሕ ከረጢት አሽጉ። የፕሮቲኑን ጉዳይ ያኔ እንነጋገራለን። በጨርቅ አትወልውሉ። ስለቱ ላይ በቀለም ቁጥር አትጻፉ።

ደግሞ አንድ ነገር። ማሳ ላይ ያገኛችሁትን ባልጩት ኪሳችሁ ከትታችሁ አትምጡብኝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥናትና ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በር የምታንኳኩት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው። ለልምምድ የቤት ድንጋይ ይበቃል።

እኔም የተለማመድኩት በእናቴ መጅ ነው። በሦስተኛው ዙር ገብሱ ወጣ፣ እንደጠበቅኩት። አብሮት ግን የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ መሐሉ በረጅሙ የተሰነጠቀ ቅንጣት በዛ። የጥራጥሬ ስታርች ነው። እናቴ ጥራጥሬ አልጠቀሰችልኝም። ጓንቱን ፈተሽኩ፣ ውሃውን ፈተሽኩ፣ ባዶ ስላይዱን ፈተሽኩ። ንጹሕ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ጠየቅኳት።

«አተር ፈጭተሽበታል እንዴ?»

«እኔማ አልፈጨሁም» አለች። ትንሽ አሰበችና፦ «መብራት የጠፋ ሰሞን ጎረቤታችን ለሽሮ ተውሳው ነበር። ያንንም አየኸው?»